የአጎቴ የገመቹ ልጆች

እሑድ

አጎቴ ገመቹ ልጆች ወለደ። አባዬ ዛሬ የነገረኝ ይህን ነው። ደጅ፣ አጥሩ ጥግ ተቀምጦ፣ ፊቱን ወደ ሽምብራው አዙሮ። መጀመሪያ አእምሮው የደከመ መሰለኝና ደነገጥኩ። አጎቴ ከሞተ ስንት ዘመኑ። ሲሞትም ልጅ አልነበረውም። ያልተጠመቀበት ጠበል፣ ያልተሳለበት ታቦት የለም። ሚስቱም እንደዚያው እንዳዘነች ተከተለችው። እኔንና ወንድሜን ለሜሳን ትከሻው ላይ እያፈራረቀ ያሳደገን እሱ ነው።

«አራት ናቸው አለ ወንድምሽ» አለኝ አባዬ። «ሁለት ወንድ፣ ሁለት ሴት። ሁሉም ትልልቅ ናቸው።»

ለሜሳ እኔ ከመድረሴ በፊት መጥቶ ሄዷል ማለት ነው። የመኪናው ጎማ በር ላይ ያለውን ጭቃ ሰንጥቆት አይቻለሁ።

ነገሩን ለራሴም እንዲገባኝ ከሥሩ ልጻፈው። ድሮ ከአቃቂ ወንዝ ጀምሮ እስከ ጋራው ሥር ያለው ጥቁር መረሬ መሬት የአያቶቼ ነበር። በንጉሡ ጊዜ ፋብሪካ ወሰደ። በደርግ ጊዜ ማኅበሩ ወሰደ። ከዚያ ኮንዶሚኒየም መጣ፣ ከዚያ መጋዘን፣ ከዚያ መንገድ። አሁን የቀረው የአባዬ ቤትና ከጀርባው ያለችው የሽምብራ ማሳ ናት። እሷም ላይ ፕሮጀክት ሊመጣ ነው ተብሏል። ለሚነሳው ገበሬና ለልጆቹ ለየራሳቸው ምትክ ቦታ ይሰጣል። የገበሬ ልጅ መሆንህ የሚረጋገጠው ደግሞ የአካባቢው ሽማግሌዎች ኮሚቴ ፊት ቆመው «አዎ፣ የእገሌ ልጅ ነው» ሲሉልህ ነው። አባዬ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሰሞን የገበሬ ልጅ መሆን የሚፈልገው ሰው በዛ። ሳይወልድ የሞተ ገበሬ ደግሞ ለዚህ ይመቻል፤ የሚከራከር ወራሽ የለውም።

ለሜሳ የመሬት ቢሮው ኃላፊ ነው። ዓርብ ኮሚቴው ፊት ቆመህ እነዚህን አራት ሰዎች የወንድሜ ልጆች ናቸው በል ብሎ አባዬን የለመነው እሱ ነው።

አባዬ ምሳ አልበላም። እኔም ወጡን መልሼ ከደንኩትና ወደ ሳሪስ ተመለስኩ።

ሰኞ

መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ሥራዬ ላይ ልቤ የለም። ለአንዲት እናት የልጅ ሽሮፕ ብላኝ የአዋቂ አንስቼ ነበር። ደግነቱ ሳልሰጣት አየሁት።

አሠሪዬ ፊቴን አይታ ምን ሆንሽ አለችኝ። ስለ አባዬ ቤት ትንሽ ነገርኳት፣ ስለ አጎቴ ግን አላነሳሁም። «አንቺ ምን ቸገረሽ አያንቱ» አለች፣ «ወንድምሽ ወንበር ላይ ነው። ጊዜው የእናንተ ነው።» ክፋት የላትም። ሁሉም እንዲህ ነው የሚለኝ። ሻይ ቤት፣ ታክሲ ላይ፣ የአከራያችን ሚስት ሳትቀር። እናንተ ሲሉ ማንን እንደሆነ አይገባኝም። አባዬን ነው? አባዬ እስካሁን ውኃ በጀሪካን ያስቀዳል።

አንድ ቀን ይህንኑ ነግሬው ሳቀ። «ድሮ ሲወስዱብን በማናውቀው ቋንቋ ነበር፣ ምን እንዳሉን እንኳን አንሰማም» አለኝ። «አሁን አንዲት ቃል አታመልጠንም።»

ከሰዓት ዘነበች መጣች። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት በር ላይ በቆርቆሮ ኪዮስክ የጠያቂ ስልክና ቦርሳ በአደራ የምታስቀምጠዋ። አስም አለባት፤ የምትስበውን መድኃኒት ከኛ ነው የምትወስደው። ሁልጊዜ ትቀልዳለች፣ ዛሬ ዝም አለች። ስትወጣ ደግሞ ዞር ብላ አየችኝ፣ የምትለው ያላት ይመስል። ደንበኛ ገባና ሄደች።

ማታ ለሰለሞን ሁሉንም ነገርኩት። ባሌ የአቃቂ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነው፤ አባዬን ያከብራል። ጥቂት አሰበና «መሬቱ እንደሆነ መሄዱ አይቀርም» አለ። «አባባ እሺ ቢሉ ቢያንስ ያንቺ ድርሻ አይነካም።» ተናደድኩ። ከዚያ ደግሞ የተናደድኩት እኔም ያንኑ ስላሰብኩ እንደሆነ ገባኝ። ሁለት ክፍል ተከራይተን የአከራይ ፊት ስናይ ኖርን። ቦታውን እፈልገዋለሁ። ለሰው አልናገረውም፣ እዚህ ግን ልጻፈው። እፈልገዋለሁ።

ማክሰኞ

ለሜሳ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ መኪናውን አቁሞ ደወለልኝ። ወጥቼ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ሾፌሩን ውኃ ግዛ ብሎ ላከው።

ከስቷል። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። እንደ ወንድም ማውራት ከተውን ቆይተናል፤ ዛሬ ግን አወራ።

ሰዎቹን አያውቃቸውም። «ሰውዬው» የሚለው አለ፣ ስሙን አልነገረኝም። ከላይ ሆኖ በስልክ የሚያዝ ሰው ነው። የአራቱን ስም የላከው እሱ ነው። አባዬ ከመሰከረ ቤቱና ማሳው ከመጀመሪያው የማፍረስ ዙር ይወጣሉ፣ ሽምብራውን ይሰበስባል፣ ምናልባት እዚያው ያረጃል። ካልመሰከረ ግን የሚሆነውን እኔም አላውቅም አለኝ።

«አንተ እምቢ ብትልስ?» አልኩት።

«ነገ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል። እሱ የአባዬን አጥር አያይልሽም።»

ተማሪ እያለ «የገበሬው መሬት ለገበሬው» ብሎ ጮሆ የታሰረው ይህ ሰው ነው። አባዬ ያን ጊዜ ከብት ሸጦ ስንቅ አመላለሰለት። ሲፈታ ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ተቀበለው፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ወንበር ላይ ያስቀመጠውም ያ እስር ነው። ይህን ሁሉ በልቤ ስል እሱም የገባው ይመስለኛል፣ መስኮቱን ከፈተ።

«አንቺ አናግሪው። አንቺን ይሰማል» አለኝ። እሺ አልኩት። ለምን እሺ እንዳልኩ ግን አላውቅም።

ረቡዕ

ቀይ ቀለም ተቀባ። የአባዬ ቤት ግድግዳ ላይ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ ትልቅ መስቀለኛ ምልክት፣ ይፈርሳል ማለት ነው። የኦቦ ረጋሳ ቤት አጠገቡ ነው፣ እሱ ላይ ምንም የለም። ኦቦ ረጋሳ የአባዬ ጓደኛ ነው፣ እሱም ከመስካሪዎቹ ነው። ገባኝ፤ እሺ ብሏል ማለት ነው።

ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። አባዬ በቀለሙ ላይ እጁን አድርጎ ቆሟል፤ መዳፉ ቀልቷል። አስቀመጥኩትና ለመንኩት። እንዲህ ብዬ ለምኜው አላውቅም። አንድ ቃል ናት፣ አዎ በል፣ ገመቹ እንደሆነ ሞቷል አይሰማም፣ አንተ ቤትህ ትቀራለህ፣ ለሜሳም ይተርፋል፣ እኛም ቤት እንሠራለን። ሁሉንም ደረደርኩለት።

እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ገመቹ ሊሞት ሲል ያለውን ነገረኝ። ከዚህ በፊት ነግሮኝ አያውቅም። «ሐውልት አታቁምልኝ ወንድሜ፣ ስሜን የሚጠራ ልጅ የለኝም» ብሎት ነበር። አባዬም እኔ እጠራዋለሁ አለው።

«አሁን ስሙን የሚጠራው ሌባ ይሁን?»

ግን አልተውኩትም፣ እንደገና ለመንኩት። ለሜሳን ያስሩታል አልኩት። ይህን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ ለማስፈራራት ያህል ነው ያልኩት። አባዬ ዓይኑን ጨፈነ።

«ዓርብ አብረሽኝ ነይ» አለኝ። እሺ ይበል እምቢ ይበል አላወቅኩም።

ሐሙስ

ኦቦ ረጋሳ ወደ አባዬ ቤት መጥቶ እንደነበር ዛሬ በስልክ ሰማሁ። በሩ ላይ ቆመ፣ ግባ ተባለ፣ ገባ። ስለ ዝናቡ አወሩ። ስለ በሬ ዋጋ አወሩ። ሊወጣ ሲል «ስድስት ልጆች አሉኝ ሁንዴ» አለው አባዬን። አባዬም «እግዜር ያሳድጋቸው» አለው። ይኸው ነው ያወሩት።

የነገረኝ አባዬ ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው የኖሩ ሰዎች ናቸው።

ለነገ ያዘጋጀሁት፦ የአባዬን ነጭ ጋቢ አጥቤአለሁ። የልደት ካርዴን፣ መታወቂያዬን ይዣለሁ፣ እኔም የገበሬ ልጅ ሆኜ ልመዘገብ ነውና። የደም ግፊት ኪኒኑን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ። ለሥራ አልመጣም ብያለሁ፣ አሠሪዬ አልተቆጣችም። ትንሿ ነገር ሁሉ ዛሬ ትልቅ ደስታ ናት።

ዓርብ

ሁሉንም ልጻፈው።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የፕላስቲክ ወንበሮች። ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ እኛ ከኋላ። ለሜሳ ከኮሚቴው ሰብሳቢ ጎን ተቀምጧል፤ አንድም ጊዜ ወደኛ አላየም። የእኔና የሌሎቹ ልጆች ስም ተጠራ፣ ሽማግሌዎቹ አዎ አሉ፣ አለቀ። ኦቦ ረጋሳም ለሁለት የማላውቃቸው ወንዶች አዎ አለ፣ ከጋቢው ውስጥ ቀና ሳይል። የገመቹ ልጆች ናቸው ነው ያለው። አባዬ ከጎኑ ነው፣ ምንም አልተናገረም። እሺ ሊል ነው ብዬ አሰብኩ። ደስ አለኝ፣ አፈርኩም።

ቀጥሎ «ዘነበች ገመቹ» ተባለ።

የተነሳችው የኛ ዘነበች ናት። የኪዮስኳ። ከወሎ ነው የመጣሁት፣ እዚህ ማንም የለኝም ብላኝ ነበር አንድ ቀን። አዲስ ሻርፕ አስለብሰዋታል። አይታኝ ወዲያው አንገቷን ደፋች። ከኋላዋ ጥቁር ጃኬት የለበሰ ሰው ቆሟል።

ለሴቶቹ እንዲመሰክር የተጠራው አባዬ ነው። ተነሳ። በኦሮምኛ የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቃት። አልገባትም፤ ወደ ባለ ጃኬቱ ዞረች። ሰብሳቢው «አባት፣ እርስዎ አዎ ወይም አይደለም ብቻ ይበሉ» አለው። አባዬ ወደ አማርኛ ዞረ። አማርኛው ሲደነግጥ ይሰበራል፣ ዛሬ ግን አልተሰበረም። አልፈጠነም፣ አልጮኸም። በቻልኩት መጠን ያለውን ልጻፈው፦

«ወንድሜ ገመቹ ሳይወልድ ነው የሞተው። እዚህ ያላችሁ ሽማግሌዎች ሁሉ ቀብራችሁታል። ይህችን ልጅ ዛሬ ገና ማየቴ ነው። በኛ ወግ ግን ልጅ ከሆድ ብቻ አይመጣም። በሰው ፊት፣ በመሐላ፣ ባዕድም ልጅ ይሆናል። አባት ካጣሽ ልጄ፣ እኔ አባት እሆንሻለሁ። ዛሬውኑ ቤቴ ነይ፣ የምበላውን ብዪ፣ ስሞት አልቅሺልኝ። በጉዲፈቻ ልጄ ነሽ እላለሁ፣ ይህን ኮሚቴው ይጻፍልኝ። ገመቹ ግን አልወለደሽም።»

ቀጠለና ቦታውን ሲሰጡሽ ለማን ታስረክቢዋለሽ ብሎ ጠየቃት፤ አባት ልጁን በሚጠይቅበት ድምፅ ነበር።

ዘነበች ማልቀስ ጀመረች። ትንፋሽ አጠራት፣ መድኃኒቷን ከቦርሳዋ ስትፈልግ ዕቃዋ ሁሉ ወለል ላይ ፈሰሰ። «ስሙን አላውቀውም» አለች። «መታወቂያዬን ነው የወሰዱት። ኪዮስኩን እናፈርሰዋለን አሉኝ።»

ሮጬ ሄጄ አስቀመጥኳት፣ መድኃኒቱን አፏ ላይ አድርጌ አሳብኳት። ቀና ስል ባለ ጃኬቱ የለም። አራተኛዋ ሳትጠራ ሰብሳቢው ስብሰባው ተቋርጧል አለ። ሽማግሌዎቹ በየተራ እየተነሱ የአባዬን እጅ ጨበጡ። ኦቦ ረጋሳ ግን በጎን በር ወጣ።

ለሜሳ ከወንበሩ አልተነሳም። አባዬ በአጠገቡ ሲያልፍ ቆም አለ። ከዚያ አለፈ።

ቅዳሜ

የዘነበች ኪዮስክ ተነቅሏል። ቆርቆሮው ራሱ የለም፣ የቆመበት ቦታ ላይ አራት ጉድጓድ ብቻ ነው የቀረው። ጎረቤቷ፣ ያቺ የጠያቂ ሳህንና ፔርሙስ የምትሸጠዋ፣ ማን እንደነቀለው አላየሁም አለችኝ። ሳትጠየቅ ደግማ አላየሁም አለችኝ።

አባዬ ደወለና ስለ ልጅቷ ጠየቀኝ። «ትመጣለች ወይ?» አለኝ። የምሩን ነው። ሰው ፊት ብሎታልና ለእሱ አልቋል፣ ልጁ ናት። የምትተኛበትን መደብ አንጥፏል።

ለሜሳ ስልኩን አያነሳም።

ሰኞ

መጡ። ጠዋት፣ ሰው ቁርስ ሳይቀምስ። አፍራሽ ግብረ ኃይል፣ ዶዘር፣ ፖሊሶች። ዕቃ አውጡ አሉን። የመጀመሪያው ዙር የተባለው መቼ እንደሆነ ብንጠይቅ ዙር የሚባል ነገር አላውቅም አለን የግብረ ኃይሉ አዛዥ፣ ትእዛዝ ነው።

ያወጣነው፦ ሁለቱ አልጋዎች። የእማዬ ሳጥን፣ ነፍሷን ይማረውና። የእህል ከረጢቶች። ሞፈርና ቀንበር፣ አባዬ ካላወጣችሁ አልሄድም ስላለ። ድስቶች፣ ምንጣፍ፣ ሬዲዮ። የበሩን መዝጊያ ሰለሞን በጉልበቱ ነቀለው፤ አባዬ ለምን ይቀራል፣ የራሴ እንጨት ነው አለ። ዶሮዎቹን መያዝ አልቻልንም፣ ወደ ሽምብራው ሸሹ።

ሽምብራው አፍርቶ ነበር። ሳምንት ወይ ሁለት ሳምንት ቢሰጡት። ዶዘሩ በላዩ ላይ ዞረ።

ዘነበች በመሐል ብቅ አለች። ከየት እንደመጣች አላውቅም። ማንንም ሳትጠይቅ ከረጢት መሸከም ጀመረች፣ አስም እያለባት። አስቀምጪ ብላት አልሰማችኝም። ሲያልቅ አባዬ ፊት ቆማ እግሩን ልትስም ጎንበስ አለች፣ እጇን ይዞ አስነሳት። ቢሾፍቱ የምታውቃት ሴት አለች፣ እዚያ ልትሄድ ነው። ሂጂ አላት፣ «ግን አባትሽ የት እንዳለ እወቂ።» የኔን ስልክ ሰጠኋት።

ሰለሞን ቀኑን ሙሉ ሲሸከም ዋለ። ፒክአፑ ላይ ስንወጣ «ጊዜው የእናንተ ነው ሲሉሽ ከእንግዲህ እኔ እመልስላቸዋለሁ» አለኝ። በዚህ ቀን የቀለለኝ ይህ ብቻ ነው።

አባዬ ሳሪስ ከኛ ጋር ነው። ከበሩ አጠገብ ያለውን አልጋ መረጠ። ለመውጣት እንዲመቸኝ ነው አለ። ወዴት እንደሚወጣ አልጠየቅኩትም።

ረቡዕ

ለሜሳን ያዙት። ሚስቱ እያለቀሰች ደወለች። ከቢሮው ነው የወሰዱት።

ክሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሐሰተኛ የገበሬ ልጆች አስመዝግቧል። ማታ በዜና ስሙ ሳይጠራ ተነገረ፤ መንግሥት ሕገ ወጥነትን አይታገስም ተባለ። አሠሪዬ ዜናውን ሰምታ «ተመስገን፣ ሌቦቹን መያዝ ጀመሩ» ካለች በኋላ ወንድሜ መሆኑ ትዝ አላት። ወደ ጓዳ ገባች።

ስለ ሰውዬው ማንም አላነሳም። ሌላ ነገር ደግሞ ሰማሁ፦ የአጎቴ የገመቹ ሁለቱ ወንዶች ልጆች፣ ኦቦ ረጋሳ የመሰከረላቸው፣ ምትክ ቦታቸውን ተረክበዋል። ለኔ ግን ጉዳይሽ በምርመራ ላይ ነው አሉኝ። ስለዚህ አሁን ገመቹ ልጆች አሉት። የሁንዴ ልጆች ግን አንዱ ታስሯል፣ አንዷ ጉዳይዋን ትጠብቃለች።

ለአባዬ እንዴት ልንገረው ብዬ ስጨነቅ ለካ ሬዲዮኑ ነግሮታል። «እኔ ነኝ ያሳሰርኩት» አለኝ። አይደለህም አልኩት። ያኔ ለሜሳን ያስሩታል ብዬ ያስፈራራሁት ትዝ አለኝ። እሱም አስታውሶት ይሁን አይሁን አላውቅም።

ዓርብ

ጣቢያ ሄድኩ። ለትንሽ ጊዜ አገናኙን፣ በፍርግርግ ብረት። ጢሙ አድጓል። የእማዬን ፊት አየሁበት፣ ከዚህ በፊት ታይቶኝ አያውቅም።

ፖሊሱ ዞር ሲል በኦሮምኛ በፍጥነት አወራ። መርማሪው አባዬን ሰኞ ለምስክርነት ይጠራዋል። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ልጄ በሐሰት መስክር ብሎኛል እንዲላቸው። ያን ካለ መዝገቡ በኔ ላይ ብቻ ይዘጋል፣ ወደ ላይ፣ ወደ ሰውዬው፣ አይሄድም። አልጠየቀኝም ካለ ግን እወጣለሁ አለኝ።

«ንገሪው አያንቱ። አልጠየቀኝም ይበል። አንዲት ቃል ናት።»

እኔም ባለፈው ሳምንት ረቡዕ ለአባዬ ያልኩት ይህንኑ ነበር። አንድ ቃል ናት።

እሺ አልኩት፣ አሁንም። ስወጣ ደግሞ ጠራኝ። አባዬ ምን ይላል፣ ተቀይሞኛል ወይ አለኝ። አላውቅም አልኩት። እውነቴን ነው።

እሑድ

ነገርኩት። ቅዳሜን ሙሉ ደብቄው ውዬ ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነገርኩት። በረንዳው ላይ ተቀምጧል፤ ከበታች ሳሪስ ገበያው ይጮኻል፣ ረዳቶች ይጣራሉ። እንዲህ ባለ ጩኸት መሐል ኖሮ አያውቅም።

ከዚያ እድሜዬን ሙሉ ያላደረገውን አደረገ፣ እኔን ጠየቀኝ።

«ለሞተ ወንድሜ አልዋሸሁም። ለሕያው ልጄ ልዋሽ? ምን ልበል?»

እውነቱን ከተናገረ ልጁን ያስቀብራል፣ ሰውዬውም ይድናል። ከዋሸ ደግሞ አዳራሽ ውስጥ የቆመው ሽማግሌ የት ይገባል? ቤቱንም ማሳውንም በዚያች ቃል ነው የከፈለው። ሁለቱንም ነገርኩት። አንዱን ምረጥ ማለት ግን አቃተኝ። ሰለሞን መጥቶ ከአባዬ በሌላው ጎን ተቀመጠ። ሦስታችንም ታክሲዎቹን ስናይ ዋልን።

ሰኞ

ከመርማሪው ክፍል ውጪ፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ጀመርኩት፤ አሁን ቤት ሆኜ እጨርሰዋለሁ።

አባዬ ነጭ ጋቢውን ለብሷል። ሲገባ ወደ እኔ አልዞረም። በሩ ተዘጋ። ድምፅ ይሰማል፣ ቃሉ አይለይም። የመርማሪው ነው የሚበዛው። አንድ ጊዜ ወንበር ተገፋ። ቆይቶ ዝምታ ሆነ፣ ዝምታው ከንግግሩ ይረዝም ነበር። ሻይ የያዘች ሴት ገብታ ወጣች፤ ፊቷን አየሁ፣ ምንም አይነበብም።

ወጣ። ክንዴን ያዘ፤ ደረጃውን ስንወርድ ክብደቱ በሙሉ እኔ ላይ ነበር።

መንገድ ላይ ደርሰን ምን አልካቸው ብዬ ጠየቅኩት።

«ልጄ ነው አልኳቸው።»

«ሌላስ?»

«እሱን ደጋግመው ጠየቁኝ። ጠይቆሃል ወይ፣ አስገድዶሃል ወይ። እኔም ደጋግሜ ልጄ ነው አልኳቸው። መጨረሻ ላይ መርማሪው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።»

ይህ ምስክርነት ይሁን፣ እምቢታ ይሁን፣ ለሜሳን ያውጣው ይክተተው፣ ጠበቃ ቢኖረን ያውቅ ነበር። እኔ አላውቅም። የለሜሳ ሚስት ሦስት ጊዜ ደውላለች፣ አላነሳሁም።

አባዬ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ አልጋው ላይ ጋደም ብሏል። እንቅልፍ ወስዶታል። ቤቱ ከፈረሰ ጀምሮ ቀን ሲተኛ ሳየው ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።